ከማስታረቁ በፊት ማን ምን እንደሚወስን ይለይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ዲዛይነሯና ፕሮግራመሩ ተኳርፈዋል፣ የሚነጋገሩት በአንተ በኩል ብቻ ነው፣ የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ደርሷል። «ስብሰባ ላይ ላስታርቃቸው ወይስ ለአለቃ ልንገር?» ነው ያልከው። ፕሮጀክት በማስተባበር ብዙ ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርህ። በሁለቱም አትጀምር።

መጀመሪያ ለየብቻ አነጋግራቸው። «ይንቀኛል»፣ «ግትር ናት» ሲሉህ ስማቸው፣ ግን እዚያ ላይ አትቁም። «መቼ? የትኛው ሥራ ላይ?» እያልክ ወደ አንድ ፋይል አውርዳቸው። አንድ ፕሮጀክት ላይ እንዲሁ ሆድና ጀርባ የሆኑ ሁለት ባልደረቦች ነበሩን። እሷ «ሳያማክረኝ ሥራዬን ይቀይራል» ትላለች። እሱ «ከጨረስኩ በኋላ ሁሌ አዲስ ነገር ታመጣለች» ይላል። ተከታትለን ስናየው የጸቡ መነሻ አንድ የክፍያ ገጽ ነው። እሷ የላከችው ለአስተያየት ነበር፤ እሱ የመጨረሻው መስሎት ሠራው። ደንበኛው አስተያየት ሲሰጥ እሷ አሻሻለችው፣ የእሱ ልፋት ገደል ገባ። በሚቀጥለው ገጽ ተናዶ የ«ክፈል» ቁልፉን ደስ ባለው ቦታ አስቀመጠው። ከዚያማ እልህ ተጋቡ።

መፍትሄው ምን ሆነ መሰለህ? እሷ በምትልከው ፋይል ስም ላይ «ለአስተያየት» ወይም «ለሥራ» ተብሎ ይጻፍ ተባለ። «ለሥራ» የተባለ ከተቀየረ የማስረከቢያው ቀንም አብሮ ይገፋል። በቃ። ግትርነት የመሰለን ነገር በአብዛኛው ጠፋ። ሊ ሮስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንን ዝንባሌያችንን በ1977 እ.ኤ.አ. ስም አውጥቶለታል፤ የሌላውን ሰው ድርጊት ስናይ ያለበትን ሁኔታ ትተን ባህሪው ላይ እንለጥፋለን።

ስለዚህ ሁለቱን የሚያጣሏቸውን ውሳኔዎች ጻፋቸው። በእያንዳንዱ ፊት ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠየቅበት፣ ማን እንደሚማከር፣ ለማን እንደሚነገር ይቀመጥ። ሬሲ (RACI) የሚባለው የሥራ ድርሻ ሠንጠረዥ ይሄው ነው። ተጠያቂው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። መላውን ፕሮጀክት ግን አትሙላበት፤ ትልቁን ሠንጠረዥ ማንም ከፍቶ አያየውም።

ከዚያ ሦስታችሁ ብቻ ተቀመጡ። በሰው ፊት ከሆነ ሁለቱም ክብራቸውን ሲከላከሉ ይውላሉ። ወሬው ከገጹ ይጀምር፣ ከስሜት አይጀምር። «ይቅርታ ተባባሉ» ብለህም አታስገድድ። ግማሽ ግማሽ የሚባለውን ነገርም ተጠንቀቅ። ለእረፍት ቀን ክፍፍል ይሠራል፣ ለአንድ ገጽ ግን ማንም ያልፈለገው ነገር ይወጣል።

ነገር ማመላለሱንም አቁም። «እሱ እኮ እንዲህ አለ» ስትል ቃሉ በአንተ አፍ ይከርራል ወይ ይለሳለሳል። «ለራሱ ጻፊለት፣ እኔንም ኮፒ አድርጊኝ» በላት። መጀመሪያ ላይ ይደብራል፣ ይለምዱታል።

አለቃ ጋ የሚኬደው ጊዜ፣ በጀት ወይም የሥራው ስፋት ሲነካ ነው። ያኔ የሁለቱንም ሐሳብ ጽፈህ፣ መጀመሪያ ለእነሱ አስነብበህ ውሰደው። ስድብ፣ ማስፈራራት ወይም ትንኮሳ ካለ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ማስታረቅ ውስጥ ሳትገባ በቀጥታ ለሚመለከተው ክፍል አሳውቅ።

አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ። ሁለቱ በሥራ አፈጻጸም የሚመዘኑት በምንድን ነው? እሱ በፍጥነት፣ እሷ በጥራት ከሆነ፣ የፋይል ስም ብታስተካክልም በሌላ ገጽ ይጋጫሉ። መመዘኛውን የሚያወጣው ደግሞ አለቃህ ነው። እስቲ መመዘኛውን አጣርተህ ጻፍልን።