መልስ፦ 30 ሚሊዮኑ ቁጥር ከየት መጣ?
ወንድሜ፣ «አንድ ተመራማሪ ፓናማ ውስጥ ጥቂት ዛፎች አይቶ በሐሩር አገሮች 30 ሚሊዮን ዝርያ አለ ማለቱ ቀልድ አይደለም ወይ?» ብለሃል። ቀልድ አይደለም። ግን ቆጠራም አይደለም፤ ስሌት ነው።

ሰውየው ቴሪ ኧርዊን ነው፤ በአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም የጥንዚዛ አጥኚ ነበር። አንድ ዓይነት የሆኑ 19 ዛፎችን በፀረ ተባይ ጭጋግ አጠነ። ከላይ የረገፉት ጥንዚዛዎች ወደ 1,200 ዝርያ ሆኑ! ከነዚህ 163ቱ ከዚያ ዛፍ በቀር ሌላ ላይ አይኖሩም ብሎ ገመተ። ይህንን በ50,000 የሐሩር ዛፍ ዝርያዎች አባዛው። ጥንዚዛ ከአርትሮፖዶች (ነፍሳትን፣ ሸረሪቶችንና የመሳሰሉትን ባለ መገጣጠሚያ እግር እንስሳት ከሚያጠቃልለው ወገን) 40 በመቶ ነው ብሎ የቀሩትን ጨመረ፤ መሬት ላይ ያሉትንም ደመረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው 30 ሚሊዮን ይኸው ነው።

ችግሩ ያለው 163ቷ ላይ ነው። ብዙ ጥንዚዛ ያን ያህል ዛፍ አያማርጥም። ስለዚህ የኋላ ግምቶች በጣም ወርደዋል፤ ለነፍሳት በሙሉ 5.5 ሚሊዮን አካባቢ የሚል አለ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የምደባው ሥራ ነው። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ጥንዚዛዎች የሚለዩት በማይክሮስኮፕ በሚታይ የወንዴው ብልት ቅርጽ ነው። ደግሞ አሰልቺ ሥራ እንዳይመስልህ፦ ኧርዊን ራሱ አንዷን ጭነ ወፍራም ጥንዚዛ በአርኖልድ ሽዋርዜኔገር ስም «አግራ ሽዋርዜኔገሪ» ብሏታል።