የክሬም ማንቆርቆሪያዋን ከመፈግፈግሽ በፊት

እህቴ፣ ያስታመምሻቸው እንግሊዛዊት እናት የሰጡሽ ትንሽ የክሬም ማንቆርቆሪያ ብር ትሁን ብር ቅብ፣ ውስጧስ ለምን ቢጫ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ለንደን ቅዳሜ ቅዳሜ ፖርቶቤሎ ገበያ እየዞርኩ እንዲህ ያሉትን መግዛት ከጀመርኩ ቆየሁ።

መጀመሪያ ማጽጃውን አስቀምጪው። ማጉያ መነጽር ፈልጊና ሥሯን እዪ፤ እዚያ ከሌለ እጀታዋ አጠገብ ፈልጊ። አንድ እግሩን አንስቶ የሚራመድ አንበሳ ካገኘሽ ስተርሊንግ ነው። ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ማለት ነው። የነብር ራስ ካለ የብሯ ጥራት የተፈተነው ለንደን ነው፤ መልህቅ ከሆነ በርሚንግሃም። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ በጎን ከታተመባት ደግሞ ቀረጥ ተከፍሎባታል። ይህ ምልክት ከ1784 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. ነው የነበረው፣ ስለዚህ ዕድሜዋን በግምት ያሳይሻል። ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉባት ግን ብር ቅብ ናት።

ቢጫው ወርቅ ቅብ ሳይሆን አይቀርም። ምግቡ ብሩን እንዳይበላው ነው ውስጡን የሚቀቡት። ስስ ስለሆነ በፍጹም እንዳትፈገፍጊው!

ቅርጿ የተገለበጠ የራስ ቁር ከመሰለ በ1780ዎቹና 90ዎቹ በጣም የተወደደው ዓይነት ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሄስተር ቤትማን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በ1761 የራሷን ምልክት አስመዝግባ እንዲህ ያሉትን ሠርታለች። ብሩ ስስ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ዳር ዳሩ ዶቃ በመሰሉ ጥቃቅን ጉብታዎች የተከበበ ነው።

አንድ ጊዜ ሦስት እግር ያላትን ሳልመረምር ገዛሁ። እንግዶች ጠርቼ ክሬም ሞልቼ አቀረብኳት። ትንሽ ቆይቶ የጠረጴዛው ልብስ ረጠበ። ለካ አንዱ እግር ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ በተበየደበት ዙሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ውኃ ሞልቼ በሶፍት ላይ ሳላሳድራት ምንም አልገዛም። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ሶፍቱ ጠዋት ደረቅ ከሆነ ተጠቀሚባት።

የቀድሞ ባለቤቷ ስም ፊደላት ተቀርጸውባት ከሆነ ደግሞ እባክሽ አታስጠፊያቸው። ሲፋቅ ብሩ ይሳሳል፤ በአውራ ጣት ጫን ስትዪው እሺ ይላል።

ክሬም ካቀረብሽባት በኋላ ሳታሳድሪ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በእጅሽ እጠቢያትና ወዲያው አድርቂያት። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትግባ። የምልክቶቹን ፎቶ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናነባቸዋለን።