ሶልቨሬ ውሃ ላይ ሲደርስ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ሬድዮ ሞገድ አንድ ኳስ ላይ አርፎ እንዴት እንደሚበተን በቮልዩም ኢንተግራል ኢኩዌሽን (የኳሱን ውስጥ በሙሉ በትናንሽ ቁራጭ ከፍሎ በሚሰራ እኩልታ) የሚያሰላ ኮድ ጽፌ ነበር። ኳሱ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር፣ ፍሪኩዌንሲው 1 ጊጋኸርዝ ነው። ፐርሚቲቪቲውን (ቁሱ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያሳጥረው የሚወስነውን ቁጥር) 4 ሳደርግ ሶልቨሩ (መልሱን ደረጃ በደረጃ እየጠጋ የሚፈልገው የኮዱ ክፍል) ቶሎ ይጨርሳል፣ ውሃ ይሁን ብዬ 80 ሳስገባ ግን ሺህ ኢተሬሽን (ዙር) ሄዶም ኤረሩ ንቅንቅ አይልም። ኮዴ ነው የተበላሸው? (የድህረ ምረቃ ተማሪ ወንድማችሁ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮድህን ሳላይ አልምልም፣ ግን 4 ላይ ከሰራ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ያንን 80 ነው። አየር ላይ 30 ሴንቲሜትር የነበረው ሞገድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለ9 ገደማ ተካፍሎ 3.4 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት የሞገዱን ሲሶ የሚያክለው ኳስ ከውስጥ ሦስት ሙሉ ሞገድ ይዟል ማለት ነው። ለአንድ ሞገድ ርዝመት 10 ሴል (ቁራጭ) የሚባለውን ልማድ ይዘህ ሜሹን፣ ማለትም የቁራጮቹን መረብ፣ በአየሩ ሞገድ ከቆረጥከው (ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚችው ጋ ነው) ኳሱ 20 ሴል እንኳ አይሞላም፣ በውሃው ከቆረጥከው ግን 14 ሺህ ገደማ ይወጣዋል።

ሜሽ ማጥራት ብቻውን ግን አያድንህም። ሶልቨሩ የሚፈታው ማትሪክስ አይገንቫልዩዎች (ማትሪክሱ ለመፍታት ቀላል ወይም ከባድ መሆኑን የሚያሳዩ ቁጥሮች) በግምት ከ1 እስከ ፐርሚቲቪቲው ድረስ ነው የሚዘረጉት፣ ከ1 እስከ 4 ሲሆን ሶልቨሩ ይችለዋል፣ ከ1 እስከ 80 ሲሆን ያለከልካል። በዛ ላይ ውሃውን ምንም የማይመጥ አድርገህ 80 ብቻ ካስገባህ ሞገዱ ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ ሬዞናንስ ይፈጥርና አንዳንዱ አይገንቫልዩ ዜሮ አጠገብ ይሄዳል፣ ሶልቨር ደግሞ እንደዚህ የሚጠላው ነገር የለም።

እውነተኛ ውሃ በክፍል ሙቀት 1 ጊጋኸርዝ ላይ ፐርሚቲቪቲው 4 ገደማ ኢማጂናሪ ክፍል (ሞገድ መምጠጡን የሚገልጽ ቁጥር) አለው፣ እሱን አስገባና ሞክር። ምልክቱን ብቻ ተጠንቀቅ፣ ጊዜውን በፕላስ ጄ ኦሜጋ ቲ ከጻፍክ 80 ማይነስ 4 ጄ ነው፣ ከተገለበጠብህ ውሃህ ሞገድ መምጠጡን ትቶ ማጉላት ይጀምራል፣ እኔ ራሴ በዚች አንዴ ሁለት ቀን አቃጥያለሁ።

ኳሱ አንድ ወጥ ስለሆነ ደግሞ ለምን በቮልዩም ትደክማለህ፣ ላዩን ብቻ በትሪያንግል ሸፍነህ በሰርፌስ ኢኩዌሽን ስራው። ከሰርፌስ ኢኩዌሽኖቹ አንዱ፣ የሙለር ፎርሙሌሽን፣ በጣም ቶሎ ይጨርሳል ግን ኮንትራስት (የኳሱና የአየሩ ፐርሚቲቪቲ ልዩነት) ሲበዛ መልሱ ይንሻፈፋል፣ ፒኤምሲኤችደብሊውቲ የሚባለው ሌላኛው መልሱ የተሻለ ነው ግን ያዘግማል፣ እኔ ብሆን ሁለተኛውን ይዤ ካልዴሮን ፕሪኮንዲሽነር (ማትሪክሱን ለሶልቨሩ የሚያቀል ማስተካከያ) እጨምርበታለሁ።

ውጤቱን የፊዚክስ ሊቁ ጉስታቭ ሚ በ1908 ካወጣው የኳስ ፎርሙላ ጋር አስተያየው፣ ከ4 ወደ 80 ዘለህ ሳይሆን 10፣ 20፣ 40 እያልክ፣ የቱ ላይ መለያየት እንደጀመረ ካወቅህ ችግሩ ሜሹ ይሁን ሶልቨሩ እዛው ይታይሃል።