ተተኪ አጣን ላልሽው እህታችን

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰንበት ት/ቤታችሁን የያዛችሁት አራት አምስት ሰዎች ናችሁ፣ ልጆቹ 12ኛ ሲጨርሱ ዩኒቨርሲቲ ወይ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ እና ብር አዋጥተን የአመራር ሥልጠና እናስመጣ ወይስ ሌላ መንገድ አለ ነው ያልሽው። እኔ መንዝ ውስጥ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ ያደግኩ ነኝ፣ በኋላም ሰብሳቢ ሆኜ አገልግያለሁ፣ አሁን ሰበካ ጉባኤ (የአጥቢያው አስተዳደር ጉባኤ) ላይ ነኝ፣ ያየሁትን ልጻፍልሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ሥልጠናውን አትጥሉት ግን ተተኪ ከሱ አትጠብቁ። እኛም ጋ ተሰጥቶ ያውቃል፣ አሰልጣኙ ጎበዝ ነበር፣ ልጆቹም ማስታወሻ ይዘው ሰርተፍኬት ተቀብለው ደስ ብሏቸው ወጡ፣ የሚቀጥለው እሁድ ግን የአዳራሹ ቁልፍ ያው ሰብሳቢው ኪስ ነው፣ መዝገቡም ጸሐፊው ቤት ነው፣ ለልጆቹ የተሰጣቸው ሥራ የለም፣ ከጥቂት ወር በኋላ ሥልጠናውን ያስታወሰ አልነበረም።

ደብራችሁ ያሉትን የአብነት ት/ቤት ዲያቆናት ጠይቂያቸው። የኔታ ሁሉንም ተማሪ ራሳቸው አያስጠኑም፣ ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ይዞ ያስጠናል፣ እሱ ራሱ ገና ተማሪ ሆኖ ማለት ነው፣ ሲሳሳት ደግሞ የኔታ እዚያው ተቀምጠው ስለሚሰሙት ያርሙታል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ከእኔ የሰማኸውን ሌሎችን ሊያስተምሩ ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ (2ኛ ጢሞ 2፥2) ሲለው በዚህ መንገድ ነው የገባኝ። ጻድቁ አቡነ ተክለሃይማኖትም እዚሁ ቡልጋ ኢቲሳ ተወልደው፣ ከአባታቸው ከካህኑ ጸጋ ዘአብ ተምረው፣ ወንጌል እያስተማሩ ከቆዩ በኋላ እንኳ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወርደው በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተቀምጠዋል። ገዳማቸውን ደብረ ሊባኖስንም ከሳቸው ቀጥሎ አባ ኤልሳዕ፣ ከዚያ አቡነ ፊልጶስ ተቀብለውታል። ከሰው ሥር ተቀምጦ መማር እና ለሰው ማስረከብ የአባቶቻችን ወግ ነው ለማለት ነው።

እኛ ጋ ነገሩ የተለወጠው በጥምቀት ነው። መቼም የጥምቀትን ሥራ ታውቂዋለሽ፣ የመዝሙር ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ከበሮ፣ ሞንታርቦ፣ ሰልፍ ማስከበር፣ ለአዳሪው ውኃ፣ ሁሉንም ትልልቆቹ ነበሩ የሚሯሯጡበት። አንድ ዓመት ሥራ አስፈጻሚው ተነጋግሮ እያንዳንዱን ሥራ 9ኛና 10ኛ ክፍል ለሆኑ ልጆች ሰጠ፣ ትልልቆቹ ረዳት ሆኑ፣ ካልተጠየቁ እንዳይናገሩም ተስማሙ (ይሄ ለአንዳንዶቹ በጣም ከብዷቸው ነበር)። የመዝሙር ልብሱ ለአንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ተሰጠ። ልጅቷ ስብሰባ ላይ ድምጿ አይሰማም፣ መዝሙርም አትመራም። እሷ ግን ልብሱን አንድ በአንድ ቆጥራ፣ ቁጥር ሰፍታበት፣ የወሰደውን ሁሉ አስፈርማ ሰጠች፣ ከቃና ዘገሊላ ማግስት ጀምሮም ቤት ለቤት እየዞረች ሰበሰበች። የጠፋም ነበር፣ እና ወላጅ ፊት ቆማ ልጃችሁ ልብስ ጥሏል ማለት ነበረባት። ረዳት የተባለው ወንድማችን አብሯት ሄደ፣ ውጪ ቆሞ ጠበቃት፣ አልተናገረላትም። ሲመለሱ ግን እንዴት እንዳለቻቸው ጠይቋት ቁጭ ብለው ተነጋገሩበት። ለኔ ከየትኛውም ኮርስ የሚበልጠው ያቺ ንግግር ናት። በኋላ ንብረት ክፍልን፣ ከዚያም ሂሳብ ክፍልን ያዘች፣ ሪፖርት ስታቀርብ አባቶች ሁሉ ዝም ብለው ነበር የሚሰሟት።

ምርጫ ላይ ስለዚህ ጠንቀቅ በሉ፣ ድምፁ ያማረውን ወይ አፉ የሚፈታውን ልጅ ቶሎ ወንበር ላይ አታውጡት። ስለ ኤጲስ ቆጶስ አዲስ ክርስቲያን አይሁን ተብሎ ተጽፏል፣ ምክንያቱም እዚያው ነው፣ በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ (1ኛ ጢሞ 3፥6)፣ ስለ ዲያቆናትም አስቀድሞ ይፈተኑ ይላል። ጉባኤ ሲያልቅ ማን ቀርቶ ወንበር እንደሚሰበስብ ለተወሰነ ጊዜ እይ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር መገናኘቱን እይ፣ ከታናናሾቹ ጋር እንዴት እንደሆነ እይ።

ሌላው ገንዘብ ነው። ብዙ ቦታ ለወጣት ሁሉም ነገር ይሰጠዋል ገንዘብ ሲሆን ግን ይቀራል። ትንሽ ስጡት፣ በደረሰኝ ይሥራ፣ ሒሳቡን አባላት ፊት ያንብብ፣ አካውንቱ ግን የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ የሚያንቀሳቅሰው አይሁን።

አባቶች ወጣቱን ቦታ አይሰጡትም ያልሽው ያሳዝናል ግን መፍትሔው ደንቡ ውስጥ አለ። ቃለ ዓዋዲ (የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንባችን) ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ት/ቤት ወጣቶች ነው ያዋቀረው። እና የወጣቶቹን ወንበር ለስም አትያዙት፣ ነገ ሰብሳቢ ይሆናል የምትሉትን ልጅ ላኩት፣ አባቶች እንዴት እንደሚመክሩ፣ እንዴት ተቆጥተው እንዴት እንደሚታረቁ ቁጭ ብሎ ይይ።

የሚሄዱት ልጆች ነገር ላይ ግን ካንቺ ትንሽ እለያለሁ። ሄዱብን አትበዪ። የመሪነት ልምዱን ይዞ የሄደ ልጅ ካምፓስ ግቢ ጉባኤ (የተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ) ያገለግላል፣ አዲስ አበባ ያለ አጥቢያ ይጠቀምበታል፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ ናት። ደክሞት የቀረውንም አትዝጉበት። ማርቆስ ከጵንፍልያ ተመልሶ ጳውሎስ አልወስደውም ሲል በርናባስ ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ፣ በኋላ ራሱ ጳውሎስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና አለ (2ኛ ጢሞ 4፥11)፣ እኛም በዚሁ በማርቆስ መንበር (በእስክንድርያ) ስንጠራ የኖርን ነን። በርናባስ ትቶት ቢሆንስ ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ።

እንግዲህ ለዚህ ዓመት ከሆነ የምትጠይቂኝ ከፍልሰታ ጀምሩ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሕፃናቱ በየቀኑ ቅዳሴ ስለሚመጡ ከቅዳሴ በኋላ ያለውን የሕፃናት ትምህርት ለሁለት ሦስት ልጆች ሙሉ በሙሉ ስጧቸው፣ ርእሱን ከትምህርት ክፍል ጋር ቀድመው ያዘጋጁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት የተመለሱት ደግሞ ኋላ ተቀምጠው ይስሙና ማታ ያርሟቸው። ለደብሩ አስተዳዳሪ ግን አስቀድመሽ ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት፣ ከቻልሽም ልጆቹን ይዘሻቸው ግቢና ራሳቸው ይባርኳቸው።