ከጉድጓድ ውሃ በኤሌክትሪክ ምን ይወጣል? ጥያቄና መልስ

ድሬ ዳዋ ላይ ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ ያላቸው ሰዎች ሰሞኑን ብዙ ጠይቀውኛል። የቻልኩትን እነሆ።

«አንድ ሻጭ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን መጥቶ ዘንግ ያለው ዕቃ የጉድጓዳችን ውሃ ውስጥ ከተተ። ሶኬት ላይ ሲሰካው ውሃው ቡናማ ሆነ። ይህን ነው ስንጠጣ የኖርነው?»

አይደለም እህቴ፣ አትደንግጪ። ቡናማው ነገር የዘንጉ ብረት ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሟሟና ውሃው ውስጥ ዝገት ይሆናል። አጠገቡ ያስቀመጠው «የተጣራ» ውሃ ያልቆሸሸው ማዕድን ስለሌለው ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ነው። ቁንጥር ጨው ጨምሪበት፣ እሱም ቡናማ ይሆናል። እናቶችን አስፈራርቶ ዕቃ መሸጥ በጣም ያናድደኛል።

«ታዲያ በኤሌክትሪክ ማጣራት ውሸት ነው ማለት ነው?»

ኧረ እውነት ነው! መሠረቱም ያው የብረቱ መሟሟት ነው። የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ውሃው ውስጥ ይቆሙና ከባትሪ ወይም ከሶላር ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ይሰጣቸዋል። ከፖዘቲቩ ሰሌዳ የሚሟሟው አሉሚኒየም እንደ ተባዘተ ጥጥ የላላ ዝቃጭ ይሠራል። ፍሎራይድ፣ ማለትም ከድንጋይ ወደ ውሃው የሚገባው ማዕድን፣ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ዝቃጩ ሲረጋ ውሃው በአሸዋ ይጣራል። 1 አምፔር ለ1 ሰዓት ሲያልፍ 0.34 ግራም ገደማ አሉሚኒየም ይሟሟል። ስለዚህ መጠኑን በአምፔርና በሰዓት መቆጣጠር ይቻላል። አርሴኒክ ለሚባለው መርዝ ግን የብረት ሰሌዳ ይሻላል።

«ፍሎራይድን አፍልቼ ባጠፋውስ?»

አይጠፋም። ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ እጅግ ሲበዛ አጥንት ይጎዳል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የታወቀ ችግር ነው።

«ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጩስ?»

ይህን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ይዞት የሚመጣው ካልሲየም ነው። ጤና አይጎዳም፣ በሎሚ ወይም በአቼቶ ይለቃል። በኤሌክትሪኩ ጊዜም ኔጌቲቩ ሰሌዳ ላይ ይጋገራል። ለዚህ ነው ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን በየጊዜው መገለባበጥ የሚያስፈልገው።

«ጉድጓዳችን ከመጸዳጃ ቤቱ ብዙም አይርቅም። ይህ በኤሌክትሪክ የሚያጣራው ማሽን ይበቃናል?»

አይበቃችሁም። ከሁሉም ያስጨነቀኝ ይህ ጥያቄ ነው። በድሬ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ጎልቶ የሚያነሱት ናይትሬትን ነው፤ ብዙውም ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርግ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። የአሉሚኒየሙ ዝቃጭ አይዘውም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አይነካውም። በሊትር ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርገው ይችላል፣ ቆዳውም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ውሃው ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ የሕፃኑን ወተት በዚያ ውሃ አትበጥብጡ። ናይትሬትን የሚያወጣው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው።

«ተማሪ ነኝ። ራሴ ልሥራው?»

ለሙከራ ሥራው፣ ደስ ይለኛል። ግን 12 ቮልት ባትሪ ተጠቀም፣ የግድግዳውን መብራት በፍጹም እንዳታገናኝ። የማይዝግ ብረት አትጠቀም፣ ክሮሚየም ይለቃል። ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ ደጅ ላይ ይሁን፣ እሳትም አይቅረበው። የወጣውን ውሃ ሳታስመረምር አትጠጣው፤ የቀረው አሉሚኒየም በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም።

«ለምርመራ ውሃውን እንዴት ልውሰድ?»

መጀመሪያ ጉድጓዱን ለጥቂት ደቂቃ ሳቡት። ንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ 3 ጊዜ አለቅልቁ፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ቀኑን ሳታሳድሩ ላብራቶሪ አድርሱ። ናይትሬት፣ ፍሎራይድ፣ አርሴኒክና ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ብላችሁ ዘርዝራችሁ ጠይቁ፤ «ውሃው ደህና ነው ወይ» ብቻ ካላችሁ ጀርሙን ብቻ አይተው ሊመልሷችሁ ይችላሉ።