ለእናቴ ፓርኪንግ ከለከሉኝ፣ ሕግ የለም ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እማዬ ስትሮክ ከመታት ወዲህ በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዘው መደገፊያ፣ ነው የምትሄደው። የአፓርታማችን ፓርኪንግ ቀድሞ ለደረሰ ነው፣ ማታ ከስራ ስንገባ በር አጠገብ ያለው ሁሉ ተይዞ ከግቢው ጫፍ ደግፌ ነው ማመጣት፣ በበረዶማ አታንሱት። ኦፊስ ሄጄ አንድ ቦታ ያዙልን ብላቸው «ሩሉ ለሁሉም እኩል ነው» አሉኝ፣ ባኞ ቤት መያዣ ብረት ላስገጥም ስልም ግድግዳ አይበሳም ተባልኩ። ብጨቃጨቅ ሊዝ፣ የኪራይ ውሉን፣ አያድሱልኝም ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ «ለሁሉም እኩል» የምትለዋን መልስ ኦፊሶች ይወዷታል ግን እዚህ ጋ አትሰራም። ፌር ሃውዚንግ አክት፣ በቤት ጉዳይ አድልዎን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ፣ በፈረንጆቹ 1968 ወጣ፣ በ1988 ደሞ አካል ጉዳተኞች ተጨመሩበት፣ ከዛ ወዲህ ተከራዩ ቤቱን እንደሌላው ሰው እንዲጠቀምበት ካስፈለገና አከራዩ ላይ ከልክ ያለፈ ጫና ካልሆነ ሩሉን ማላላት ግዴታ ነው። እንደውም ያንቺ ኬዝ የፌደራሉ ቤቶች መስሪያ ቤት፣ ሃድ፣ ደንቡ ላይ ለምሳሌ የጻፈው ነው፦ 300 ቤትና 450 ፓርኪንግ ያለው ግቢ፣ ቀድሞ ለደረሰ፣ ብዙ መራመድ የማይችል ተከራይ ቤቱ አጠገብ ቦታ ይያዝልኝ አለ፣ እምቢ ማለት ጥሰት ነው ይላል። በቃ ይሄው ነው።

ብረቱንም መከልከል አይችሉም፣ ወጪው ግን ባብዛኛው ያንቺ ነው፣ ስትለቂም እንደነበረ መልሺ ሊሉሽ ይችላሉ። ህንጻው የፌደራል ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ አከራዩ ስለሆነ ብር ሳታወጪ በፊት ጠይቂ።

እኛ ነገር በአፍ መጨረስ እንወዳለን፣ ሕጉም የግድ በጽሁፍ አይልም፣ ግን ኋላ «አልጠየቀችም» እንዳይሉሽ በኢሜይል ላኪ። ዎከሩ ለዓይን የሚታይ ስለሆነ የሕክምና ፋይል አምጪ ቢሉ አትስጪ፣ ችግሩ የማይታይ ሰው ራሱ የሚጠየቀው እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ደብዳቤ እንጂ የበሽታውን ዝርዝር አይደለም።

ሊዙን በተመለከተ፣ መብትሽን ስለጠየቅሽ መበቀል ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። ለሃድ በ1 ዓመት ውስጥ በነጻ ማመልከት ትችያለሽ፣ ፍርድ ቤት ከሆነ 2 ዓመት አለሽ፣ ያላችሁበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሰብአዊ መብት ቢሮም ይቀበላል።

ኢሜይሉን አታርዝሚው፦ እናቴ በዎከር ነው የምትሄደው፣ ከበሩ አጠገብ አንድ ቦታ እንዲያዝልንና በራሴ ወጪ መያዣ ብረት እንዳስገጥም በፌር ሃውዚንግ አክት መሰረት እጠይቃለሁ፣ መልሱን በጽሁፍ። ቀኑን መጻፍ እንዳትረሺ።