የቤታችን አየር መበላሸቱን በምን እንወቅ?

እህቴ፣ ሐዋሳ ሐይቁ አካባቢ ቤት ከተከራያችሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ራስሽን እንደሚያምሽ፣ ልጅሽም ማታ ማታ እንደሚያስለው ጽፈሽ «የቤቱ አየር ይሆን እንዴ?» ብለሻል። ሊሆን ይችላል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ስከራይ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሕመሙ መቼ እንደሚለቅሽ አስተውዪ። ሥራ ስትውዪ ወይም ዘመድ ቤት ስታድሪ ቀለል ብሎሽ፣ ቤት ስትገቢ የሚነሳብሽ ከሆነ ቤቱን ጠርጥሪ። አፍንጫሽ ላይ ብዙ አትተማመኚ፣ ሽታውን ይለምደዋል። እንግዳ ገና ከበር ሲገባ «እምክ እምክ ይላል» ካለሽ ግን እመኚው።

ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጊው። እኔ የተከራየሁት ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያምር ነበር። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል፣ ቀለሙም አብጦ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ሻጋታ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይብስበታል። በሳሙና ፈትገሽ ብታጸጂው ለጊዜው ይለቃል፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ወይም ቧንቧ ካልተሠራ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ስለዚህ አከራይሽ ቀለም ልደርብበት ቢልሽ እሺ አትበዪ። በረኪና ከተጠቀምሽም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪው።

እዚህ ሁላችንም ትንኝ ፈርተን አመሻሽ ላይ መስኮት እንጠረቅማለን። ወባም ስላለ አይፈረድብንም። መስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ አስመቺ፣ አልጋው ላይ አጎበር ይኑር፣ አየሩ ግን ይግባ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከሰል ነው። ሰው «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል» ብሎ ማንደጃውን ወደ ቤት ያስገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከፍሙም ይወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ መስኮት ልክፈት ብለሽ እንኳ አትቆዪ፤ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። በር ገርበብ ማድረግ አያድንም። የተኙበት ክፍል ውስጥ ማንደጃ አያድርም፣ በቃ።

የልጁን ሳል ለሐኪም አሳዪው፣ ቤቱ እስኪስተካከል አትጠብቂ። ያንቺ ራስ ምታት ጠዋት ጠዋት መሆኑ ግን አሳስቦኛል። ማታ ቡና ካፈላችሁ በኋላ ማንደጃው የት ነው የሚያድረው? ቤት ውስጥ ከሆነ ከዛሬ ጀምረሽ ውጭ አሳድሪውና ለውጥ ካየሽ ጻፊልን።